የእንዝርቱ ፍሬን

አመለወርቅ ሮቤል በቀን ሁለት መቶ ያህል ሰው ታሯሩጣለች። እንጀራዋ ይኸው ነው። ደንበኛው ትኬቱን አሳይቶ የሩጫውን መም ሲረግጥ ክርኑን ትይዘዋለች፤ አብራው ትሮጣለች፤ የሰውየው እግርና የመድረኩ ጠርዝ እኩል መሄድ ሲጀምሩ "አሁን" ትላለች፤ ሰውየው እጀታውን ጨብጦ ይወጣል። ወጣት ከሆነ ሃያ እርምጃ ይበቃዋል። ዕድሜው የገፋ ከሆነ ሩብ ዙር ታስሮጠዋለች። "አሁን" ስትል አንድ እርምጃ ከዘገየች ሰው ይሰበራል፤ አንድ እርምጃ ከቀደመችም ይሰበራል። ከመሙ ዳር ሁልጊዜ አንድ ጆንያ ሰጋቱራ ይቀመጣል። ደም የሚጠጣው እሱ ነው።

መድረኩን የሰፈሩ ሰው እንዝርት ይለዋል። ከዳር እስከ ዳር አርባ ሜትር ነው። በላዩ የእንጨት ፈረሶች፣ ጀልባዎችና አግዳሚ ወንበሮች አሉ፤ መሐሉ ላይ በመስታወት የተለበጠ ወፍራም ዓምድ ቆሟል፤ ከዓምዱ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሙዚቃ ይንቆረቆራል። አንዱን ዙር በሰላሳ ሰከንድ ይጨርሳል። ከሥሩ በማርሽ የተያያዘ፣ ሰው አይቶት የማያውቅ ቮላኖ የሚሉት አንድ ትልቅ የብረት መንኮራኩር በጉድጓድ ውስጥ ይሽከረከራል። ቀን ቀን ፀሐይና ነፋስ ቮላኖውን ይነዱታል፤ ሲመሽ ደግሞ እሱ በተራው የሰፈሩን የውሃ ፓምፕ ይነዳል። እንዝርቱ ከቆመ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል ማለት ስህተት ነው። ከተነሳ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ቆሞ አያውቅም።

በአዳማ የሚቆም ነገር ከቀረ ቆይቷል። ነገሩ የተጀመረው መብራት በፈረቃ በነበረበት ዘመን ነው። የቆመን ሞተር ማስነሳት፣ በመሄድ ላይ ያለውን ከማስኬድ አምስትና ስድስት እጥፍ ኃይል ይበላል። አንድ ወፍጮ ሲነሳ የመንገዱ መብራት ይደበዝዛል፤ አምስት ወፍጮ አንድ ላይ ሲነሳ ትራንስፎርመሩ ይፈነዳል። ስለዚህ የመነሻ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ማንኛውንም ከባድ ነገር ከቆመበት ለማስነሳት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ወረፋ አለው፤ ወረፋው አሥራ አራት ዓመት ነው። ማስኬድ ግን በነፃ ነው። ሰው ምን ያድርግ፣ የያዘውን አላቆም አለ። አውቶቡሶች ሳይቆሙ ይጭናሉ፣ ሳይቆሙ ያወርዳሉ። የሕንፃ አሳንሰሮች እንደ ሰንሰለት ይዞራሉ። በትምህርት ቤት ልጆች ከፊደል ጋር መሳፈር ይማራሉ። በዚህ ከተማ አንድ እጁ በጄሶ ያልታሰረ ሰው ብታገኙ እንግዳ ነው፤ ሰላምታም በግራ እጅ ከሆነ ከርሟል። ሰው ለመደው፤ ለምዶም ኮራበት።

የታችኛው ሰፈር ሰዎች አንድ ጊዜ እንዝርታቸውን አቁመዋል። አንዲት ነፍሰ ጡር ክፍተቱ ውስጥ ገብታባቸው ነው። ሴትዮዋ ተረፈች። ሰፈሩ የመነሻ ወረፋ እየጠበቀ ይኸው አራት ዓመት ሙሉ ውሃ በጀሪካን ከወንዝ ያመላልሳል፤ በኮሌራ ስንት ሰው እንደሞተ የሚያውቅ የለም። ሴትዮዋም ከሞቱት አንዷ ነች ይላሉ። ይህን ወሬ አመለወርቅ የምትሠራበት የላይኛው ሰፈር ሰው እንደ ጸሎት ነው የሚደግመው።

ወደ መሙ የሚያስገባው በር ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ "መግደርደር ክልክል ነው" ይላል። እንግዳ ሰው ሲያነበው ይስቃል። አሯሯጮቹ ግን አይስቁም። ባለፈው ዓመት ከነበሩት አሥራ አንድ ከባድ አደጋዎች ዘጠኙ የደረሱት ሁለት ሰዎች ጠርዙ አጠገብ እየሮጡ "ይቅደሙ"፣ "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ" ሲባባሉ ነው። የእኛ ሰው ቤት በር ላይ ሩብ ሰዓት ተግደርድሮ ነው የሚገባው። በር አይሄድም። እንዝርት ይሄዳል። ጨዋነት በሰከንድ አራት ሜትር ሲነጎድ ምን እንደሚሆን አመለወርቅ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ አካፋ ይዛ የሰበሰበችው እሷ ነች።

ፍሬን አለው። ከበሩ በስተግራ፣ ከአሯሯጮቹ አግዳሚ ሃያ እርምጃ ርቆ ቀይ እጀታ ቆሟል። እጀታው ከአንድ የብረት ሳጥን ውስጥ ይወጣል፤ ከሳጥኑ ሥር ወፍራም የብረት ቧንቧ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ደንበኞች ከመሮጣቸው በፊት አንድ ጊዜ ወደዚያ ይመለከታሉ። አንዳንዶቹም "ፍሬን አለው አይደል?" ብለው ይጠይቃሉ። አመለወርቅ "አለው" ትላለች። ያን ጊዜ ትከሻቸው ይላላል፤ ትንፋሻቸው ይረጋጋል፤ ደህና ይሮጣሉ። በሥራዋ ከምትናገረው ቃል ሁሉ የሚጠቅመው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እጀታውን የሚጠብቀው ቦንሳ ይባላል። ቆመጥ ይይዛል። ያለ ጽሕፈት ቤቱ የጽሑፍ ትእዛዝ ወደ እጀታው የተዘረጋን እጅ ሁሉ መስበር ግዴታው ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት እጅ ሰብሯል፤ የአባቶች፣ የእናቶች፣ የባሎች እጅ። ክፉ ሰው አይደለም። ምሳውን ከአመለወርቅ ጋር ነው የሚበላው፤ ሽሮው ውስጥ ቃሪያ ካለ ለሷ ያወጣላታል። የሰበረው ሰው ቤት ሳይጠይቅ የቀረበት ጊዜ የለም።

የወንድሟ የዘውዴ ሠርግ እሑድ ቀን ዋለ። የላይኛው ሰፈር ሙሽራ እንዝርት ላይ ሳይዞር አይጋባም፤ ሦስት ዙር ነው ልማዱ። አመለወርቅ ሠርጉ አመሻሽ ላይ እንዲሆን ለምና ነበር። ሲመሽ ፓምፑ ስለሚጎትተው እንዝርቱ ትንሽ ይዘገያል፣ ሽማግሌዎች የሚሳፈሩትም ያን ጊዜ ነው። ፎቶ አንሺው ግን ብርሃን ፈለገ። ስለዚህ ቀን በሰባት ሰዓት ሆነ፤ ፀሐዩ በተናደደበት፣ ነፋሱ በበረታበት፣ እንዝርቱም እንደዚያው።

ሙሽሮቹን ራሷ አሯሯጠቻቸው። ሙሽሪት ወለላ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ እንደ ሚዳቋ ወጣች። ዘውዴ ተከተላት። ሚዜዎቹም ወጡ። ሁሉም በዓምዱ ማዶ ወዳለው ያጌጠ ጀልባ ሄደው ተቀመጡ። የቀሩት ሁለቱ አባቶች ነበሩ።

አባቷ ጋሽ ሮቤል ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ልጅ ሆነው ሮቤል ዘመናዊ ስም ነበር፤ አሁን የሽማግሌ ስም ሆኗል። ዕድሜ ልካቸውን ኩሽኔታ ሲቀይሩና ግሪስ ሲቀቡ የኖሩ መካኒክ ናቸው፤ ይኸው እንዝርት ሲተከል ብሎን ካጠበቁት አንዱ ናቸው። የወለላ አባት ኢንጂነር ዮናታን ደግሞ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው አሳንሰር አለው። ጋሽ ሮቤል ለዚህ ቀን ሙሉ ልብስ አሰፍተዋል። ከኢንጂነሩ ጎን ለመቆም ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ ልጃቸው ታውቃለች።

"አባዬ፣ አንተ ቅደም፣ ቀጥሎ እሳቸውን አመጣለሁ" አለቻቸው።

"ነውር ነው" አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ። "አብረን ነው የምንወጣው።"

"ሁለት ሰው አንድ ላይ አይቻልም።"

"ልጅ የሰጡንን ሰው ትቼ ልውጣ? ከዚያ በምን ዓይኔ ላያቸው?"

ኢንጂነሩም ሰምተው ኖሮ "አብረን ነው እንጂ!" ብለው ክንዳቸውን ሰጡ። ከሠርገኛው ፊት አባቷን ልታዋርድ አልቻለችም። ይኸ ነው ጥፋቷ፤ በኋላም ሲጠይቋት ይኸንኑ ተናግራለች። ሥራዋን ለአንድ ደቂቃ ትታ ልጅ ሆነች።

ሁለቱን በሁለት ክንዷ ይዛ ሮጠች። ሽማግሌዎቹ ደህና ሮጡ። ጠርዙ ከእግራቸው ጋር እኩል መሄድ ሲጀምር "አሁን" አለች።

"ይቅደሙ" አሉ ጋሽ ሮቤል እያለከለኩ።

"በፍጹም፣ የወንድ አባት እርስዎ ነዎት።"

"አሁን!" አለች አመለወርቅ።

"በሞቴ ይቅደሙ ኢንጂነር።"

"በሞቴ ካሉኝስ..." አሉ ኢንጂነሩ፤ ተሸንፈው እጀታውን ይዘው ወጡ። በዚህ መሐል ጋሽ ሮቤል ትንፋሻቸው አለቀ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቀሩ። ልጃቸው "ተወው አባዬ፣ ተወው" ብላ ክርናቸውን ወደ ውጭ ጎተተች። ኢንጂነሩ ግን ዞር ብለው አዩ። የልጃቸው አማት መሬት ቀርተው እሳቸው ብቻቸውን እንዴት ይሂዱ። ጎንበስ አሉና በሁለት እጃቸው የጋሽ ሮቤልን አንጓ ይዘው ሳቡ።

የጋሽ ሮቤል ደረት መድረኩ ላይ ወጣ። ቀኝ እግራቸው በመድረኩና በመሙ የድንጋይ ጠርዝ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ገባ፤ እስከ ጭናቸው። ግማሽ ገላቸው ከሚሄደው ጋር ሄደ፤ ግማሹ ከማይሄደው ጋር ቀረ። ድንጋዩ አዲሱን ሱሪ ቀደደው፤ ከዚያ ቆዳቸውን፤ ከዚያ የቀረውን። የጮሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በድንጋዩ ላይ ቀይ መስመር እየተሰመረ ሄደ።

"ልቀቋቸው!" ስትል አመለወርቅ ጮኸች። ሙዚቃው ዋጠው። መድረኩ ላይ አጠገባቸው የነበሩ ሁለት ተሳፋሪ ሴቶች ኢንጂነሩ አብረው እንዳይወድቁ ወገባቸውን አቅፈው ወደ ኋላ ሳቡ። ሁሉም የሚያደርጉት ለመልካም ነበር። ሁሉም ይስቡ ነበር።

አመለወርቅ ስድስት እርምጃ አብራ ሮጠች። ከዚያ ቀዩን እጀታ አየች። ቆመች፣ ዞረች፣ ወደ እጀታው ሮጠች።

ቦንሳ ስትመጣ አይቶ ቆመጡን ወደ ደረቱ አነሳ። "አመለ፣ አታድርጊ" አለ።

"አባቴ ነው።"

"አየሁ። አመለ፣ በእናትሽ፣ እጅሽን መልሺ።"

እጇን ዘረጋች። መታት። ቀኝ አንጓዋ ተሰበረ፤ ድምፁን ሁለቱም ሰሙት። የመጀመሪያው ዙር ያን ጊዜ ሞላ፤ አባቷ በፊቷ አለፉ። ዓይናቸው ክፍት ነበር። ኢንጂነሩ ዓይናቸውን ጨፍነው አንጓቸውን አንቀው ይዘዋል።

"ቦንሳ" አለች። እሱም እያለቀሰ ነበር። እያለቀሰ ቆመጡን እንደገና አነሳ። በግንባሯ አፍንጫውን መታችው። ወደ ኋላ ሲንገዳገድ በግራ እጇ ቆመጡን ነጠቀችው፤ በዚያው ቆመጥ መንጋጋውን መታችው። መንጋጋው ከቦታው ወጣ። ወድቆም እግሯን ያዘ፤ እጁን ረገጠችው፤ አሁንም ያዘ፤ ደጋግማ ረገጠችው። የጣፈጠ ምሳ ያበላት እጅ መሆኑን እየረገጠች አስታወሰች። ሁለተኛው ዙር አለፈ።

"ልታቆመው ነው!" አለ አንድ ሰው።

ሠርግ ሊያይ የመጣው ሰፈር ሁሉ ዞረ። "ውሃችንን!" አለች አንዲት ሴት። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። የጎረቤቷ የእትዬ ብሌን ጃንጥላ የአመለወርቅን ጆሮ ሰነጠቀው። አንዱ ጫማውን አውልቆ በተረከዙ ጭንቅላቷን ቀጠቀጠው። ፀጉሯን ይዘው ሲጎትቱ ከነቆዳው መጣ። ከመቷት መካከል ጠዋት እግዜር ይስጥልኝ ብለዋት በሰላም የተሳፈሩ ነበሩ። አንዷ እየመታች "ይቅርታ አመለወርቅ፣ ይቅርታ" ትል ነበር። አመለወርቅም መታች። የማንን ጥርስ እንዳረገፈች እስከ ዛሬ አታውቅም።

በዓምዱ ማዶ ካለው ጀልባ ዘውዴ ይህን በየሰላሳ ሰከንዱ ያይ ነበር። አባቱ ያሉበትን ወገን መስታወቱ ጋርዶታል። በአንዱ ዙር እህቱ ዘበኛ ስትደበድብ አየ፤ በሚቀጥለው ሰፈሩ ሁሉ እሷን ሲደበድብ አየ። "ሠርጌ ላይ?" ብሎ ለወለላ ተናገረ። አፈረ። ቀና ብሎ እንዳያይ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ።

ሦስተኛው ዙር፣ አራተኛው ዙር። ከሰው እግር ሥር በሆዷ ተስባ እጀታው ላይ ደረሰች። በግራ እጇ ይዛ ባላት ክብደት ሁሉ ሳበችው።

እጀታው ያለ ምንም ትግል መጣ። እንደ ቀላል መሳቢያ መጣ። ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ክንድ የሚሆን የሽቦ ገመድ ተከትሎት ወጣና መሬት ላይ ወደቀ። ጫፉ በመጋዝ የተቆረጠ ነበር፤ የተቆረጠበትም ዝጎ ጠቁሯል። ትናንት የተቆረጠ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከቧንቧው ውስጥ ምንም አልነበረም።

እንዝርቱ እንደ ወትሮው ዞረ።

ከእሷ ሌላ ይህን ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ቦንሳ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ አፉ ደም ሞልቶ፣ የገመዱን ጫፍ ተመለከተ። ከዚያ እሷን ተመለከተ። ዓይኑ ውስጥ ያየችው ነገር የራሷ ዓይን ውስጥ እንዳለ ታውቃለች። ግን እጁ ከዓይኑ ቀደመ፤ ገመዱን ሰብስቦ ወደ ሳጥኑ መልሶ ከተተ፣ እጀታውን ወደ ቦታው አቆመ፣ በገላውም ሸፈነው።

"አተረፈው!" አሉ። አጨበጨቡ። እሷን ለቀዋት ቦንሳን አቀፉ።

አመለወርቅ ተነሳች። ቆመጡን በግራ እጇ አነሳች። ወደ መሙ ገባችና፣ አባቷ ከመድረሳቸው በፊት፣ ፊቷን ወደሚሄዱበት አዙራ መሮጥ ጀመረች። የሚሄድን ነገር ከኋላ አሳደው አይደርሱበትም፤ ቀድመው ተነስተው እንዲደርስባቸው ያደርጋሉ። ለጀማሪ አሯሯጮች በመጀመሪያው ቀን የምታስተምረው ይህንን ነው። ከኋላዋ የድንጋዩን ድምፅ ሰማች፤ ቀረበ፤ ከትከሻዋ እኩል ሆነ። እግሯና ጠርዙ ተስተካከሉ። የሚሄደው ሁሉ ለአንድ አፍታ የቆመ መሰለ። የአባቷ ፊት አጠገቧ ነበር፣ ክንድ ያህል ርቀት ላይ።

"ልቀቋቸው ኢንጂነር። ከለቀቋቸው ከመሬት ጋር ይቀራሉ።"

"እንዴት አድርጌ!" አሉ ኢንጂነሩ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "እንዴት አድርጌ እለቃለሁ ልጄ!"

"አሁን" አለች ለራሷ። የኢንጂነሩን ጣቶች በቆመጡ መታች። አልለቀቁም። ደገመች፤ ሁለት ጣት ተሰበረ። ሦስተኛውን ስትመታ የጋብቻ ቀለበታቸው ከነሥጋው ተጨፈለቀ። ለቀቁ።

ጋሽ ሮቤል መሬት ላይ ቀሩ። እንዝርቱ ሄደ። እሷም ቆማ ልትመለስ አልቻለችም፤ የያዘችው ፍጥነት አሥር እርምጃ ወሰዳት። ስትመለስ በሰጋቱራው አጠገብ ተኝተው አገኘቻቸው። ቀኝ እግራቸው ከጭናቸው በታች እግር አልነበረም። ኮታቸው ግን አልተነካም፤ አበባውም ኪሱ ላይ እንዳለ ነበር።

ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አደረገች። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

"ኢንጂነሩ ወጡ?" አሏት።

"ወጥተዋል አባዬ።"

"ጎሽ" አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

ሐኪሙ በማግስቱ ነገራት። ሐኪም ነው፤ ደብቆ መናገር አልተማረም። ትልቁ የደም ሥር የተበጠሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ አራተኛው ወይም አምስተኛው ዙር ላይ። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ተለቅቀው ቢሆን እግራቸው እንጂ ነፍሳቸው አትሄድም ነበር። አመለወርቅ የመጀመሪያዎቹን አራት ዙሮች የት እንዳዋለቻቸው ታውቃለች። ለአንድ እጀታ ነው የሰጠቻቸው።

ለቅሶው ሦስት ቀን ቆየ። የላይኛው ሰፈር ሁሉ መጣ፣ እትዬ ብሌንም ጭምር። የደበደቧት ሰዎች ድንኳን ተክለው ወንበር ደረደሩ፤ አንዱ የተሰፋ ጆሮዋን አይቶ "እግዜር ይማርሽ" አላት። ኢንጂነር ዮናታን እጃቸውን በፋሻ ጠቅልለው መጡና ከሬሳው ሳጥን አጠገብ ሳይቀመጡ ዋሉ። ከጋሽ ሮቤል ቀድመው መቀመጥ አልሆነላቸውም።

በሦስተኛው ቀን ዘውዴ አጠገቧ ተቀመጠ። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አላናገራትም ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አላት። "መሮጥ ሥራሽ ነው። ለምን መጀመሪያውኑ አልሮጥሽም?"

የተሰበረ አንጓዋን ጭኗ ላይ አደረገች።

"የሚቆም መስሎኝ ነበር" አለች።

ዘውዴ ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ እንባ ሞላ። "ያ ቦንሳ የሚሉት ውሻ ባይከለክልሽ ኖሮ ይቆም ነበር" አለ። "እጄ ላይ ይግባ ብቻ።"

እውነቱ አፏ ድረስ መጣ። ወንድሟ ገና ሙሽራ ነው። አባቱ የሞቱት በአንድ ጨካኝ ዘበኛ የተነሳ ነው ብሎ ካመነ፣ ዘበኛውን ጠልቶ መኖር ይችላል። አባቱ የሞቱት እንዲሁ በከንቱ መሆኑን ካወቀ ምን ጠልቶ ይኖራል? መልሳ ዋጠችው።

በዚያው ቀን ቦንሳ መጣ። ዘውዴ ተነስቶ በጡጫ መታው፤ ሰዎች ገላገሏቸው። ቦንሳ አልተከላከለም። መንጋጋው በሽቦ ስለታሰረ መናገር አይችልም፤ አመለወርቅ ፊት ተንበርክኮ ከኪሱ ወረቀት አወጣና ሰጣት። "አላውቅም ነበር" ይላል። ከሥሩም "አርባ አራት እጅ" የሚል ተጽፏል። ሁለቱንም አመነችው። ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ወደ ሥራ ተመለሰች። ያልሠራ አይበላም፤ ለአሯሯጭ ደግሞ አንድ እጅ ይበቃል። መሙ ታጥቧል። እጀታው አዲስ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ቦንሳ አዲስ ቆመጥ ይዞ በቦታው ቆሟል። ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

"ምኑን ነው የምትጠብቀው?" አለችው በሹክሹክታ።

በታሰረ ጥርሱ መካከል፣ ቃል በቃል እየጎተተ መለሰላት። "ከሄድኩ፣ አንድ ሰው ይስበዋል።"

"ቢስበውስ?"

"ያውቃሉ" አለ።

ወደ መድረኩ ተመለከተች። ከላይ እናቶች ከነልጆቻቸው ይዞራሉ፤ ሙዚቃው ይንቆረቆራል፤ ከበሩ እስከ መንገዱ ድረስ ወረፋ አለ። ማታ ውሃ ይመጣል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እጃቸው የተሰበረባቸው ሁሉ የተሰበረለት ነገር አለ ብለው ያምናሉ። ከነዚህ ሁሉ ሰዎች ፊት ወጥታ እጀታውን በአንድ ጣቷ ብትስበው በቂ ነበር። ቦንሳም አይመታትም ነበር፤ ይህን ከዓይኑ አየች። ቆመጡን ዝቅ አድርጎ እየጠበቃት ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አለላት።

"የሚቀጥለው!" አለ በሩ ላይ ያለው ትኬት ተቀባይ።

አንድ ሽማግሌ መሙ ላይ ገቡ። አጠር ያሉ፣ ንጹሕ ኮት የለበሱ፣ የገጠር ሰው ይመስላሉ። ጫማቸው አዲስ ነው። ጠርዙ ሲያልፍ አይተው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። እንዲህ የሚንቀጠቀጥ ጉልበት ከሮጠ ሦስት እርምጃ ይዘገያል፤ ሦስት እርምጃ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ሰውየው አንገታቸውን አዙረው ቀዩን እጀታ አገኙ።

"ልጄ" አሏት፣ "ለክፉም ለደጉም፣ ፍሬን አለው አይደል?"

ቦንሳ ከወዲያ ያያታል።

"አለው አባቴ" አለች።

የሽማግሌው ትከሻ ላላ፤ ጉልበታቸውም ረጋ። ክርናቸውን በግራ እጇ ያዘችና አብራቸው መሮጥ ጀመረች።